ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ከዓባይ በረሃ በፊት ምን ላሠራ?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዲያስፖራ ሰፈር ነው። መኪናዬ ቪትዝ ናት፤ የፊቷ ፍሬን ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር ነው። ሰሞኑን ፍጥነት ላይ ሆኜ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ፔዳሉም ከድሮው ይልቅ ወደ ታች ይወርዳል። መታጠፊያ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ የፍሬን መብራት ብልጭ ይልና ይጠፋል። አንዱ መካኒክ የፍሬን ዘይት ጨመረልኝና ‹በቃ፣ ሰላም ናት› አለኝ። ሌላው ጎማ እንኳን ሳይፈታ ‹ዲስክ፣ ሸራ፣ ማስተር፣ ሁሉም ይቀየር› አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴን ይዤ በዓባይ በረሃ አድርጌ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ጋራዥ የሚወስዳት ባለቤቴ ነበር፤ አሁን ለሥራ ርቆ ሄዷል። ማንን ልመን? ምን ብዬ ላሠራ?»

እህቴ፣ ሁለቱንም አይመኑ። ሁለቱም ጎማ ሳያወልቁ ነው የፈረዱት። የመጀመሪያው ምልክቱን አጠፋው። ሁለተኛው ምክንያቱን ሳያይ ዕቃ ዘረዘረ። ምናልባት ከዘረዘረው ውስጥ ግማሹ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን አላየውም። ፍሬን የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ይፈታል፣ ያጸዳል፣ ይለካል። የሚቀየረውን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ጋራዥ ሲገቡ «ይህን ቀይርልኝ» አይበሉ። «ምክንያቱን ፈልግልኝ፣ ስታገኘው አሳየኝ» ይበሉ።

እስከዚያው ድረስ በመኪናዋ ልጅ ማመላለሱንም ገበያ መሄዱንም ይተዉት። ፔዳል ሲወርድና ቀይ መብራት ሲበራ አንድ ላይ ከመጡ ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም። ሲረግጡት ፔዳሉ ወለል የሚነካ ከሆነ ወደ ጋራዥም ቢሆን አይንዷት። መካኒኩ ቤት ድረስ ይምጣ፣ ወይም መኪናዋ ተጭና ትሂድ።

ከዘይቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት እንደ ነዳጅ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዝግ በሆነ መስመር ውስጥ ነው የሚኖረው። ከቀነሰ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው የፊት ሸራው፣ ማለትም ዲስኩን ተጭኖ የሚያቆመው ክፍል፣ አልቋል። ሸራው ሲሳሳ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) ውስጥ ያለው ፒስተን ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከኋላው የተፈጠረውን ክፍት ቦታ ዘይት ይሞላዋል፤ ማጠራቀሚያው ላይ ያለው ይወርዳል። ይህ ቀስ ብሎ፣ በወራት የሚመጣ ነው። ሁለተኛው መፍሰስ ነው። ይህ ደግሞ በድንገትም ሊብስ ይችላል። መታጠፊያ ላይ መብራቱ ብልጭ የሚለው ዘይቱ ዝቅተኛው መስመር አካባቢ ደርሶ፣ መኪናዋ ስታዘነብል ወደ አንድ ጎን ስለሚሄድ ነው። መብራቱ በደንብ ሥራውን ሠርቷል። መካኒኩ ዘይት ሲጨምር ሸራ አልቆ እንደሆነ ወይም የሆነ ቦታ እየፈሰሰ እንደሆነ የሚነግርዎትን ምልክት አጠፋብዎት።

ስለዚህ አዲሱ ጋራዥ ሲገቡ በመጀመሪያ «ዘይት ተጨምሮበታል» ብለው ይንገሩ። አንዱ ምክንያት ከላይ ያልኩት ነው። ሌላው ደግሞ አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለሚገፋ የተጨመረው ዘይት በማጠራቀሚያው አፍ ሞልቶ ይፈሳል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። የሞተር ክዳኑ ሥር ያለው ቀለም ሲላጥ ያየ ሰው ይህን ያውቃል።

ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ቤትዎ ደጃፍ ላይ፣ ሜዳ ቦታ፣ ሦስት ነገር ራስዎ ይሞክሩ። ውጤቱን ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ ለመካኒኩ ብዙ ይጠቅመዋል።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ ይርገጡ። ፔዳሉ እየጠነከረ ይመጣል። ከዚያ እንደረገጡት ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች መስጠት አለበት። ከሰጠ ሰርቮው፣ ማለትም የእግርዎን ኃይል የሚያግዘው ክፍል፣ ይሠራል። ፍንክች ካላለ ሰርቮው ወይም ከሞተር ወደ እሱ የሚመጣው የአየር ቱቦ ይታይ።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን በመጠነኛ ኃይል ረግጠው ግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዙት። በዝግታ እየሰመጠ ከሄደ የሆነ ቦታ ይፈሳል፣ ወይም የማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ክፍል) ውስጠኛ ጎሚኒ አልቆ ዘይቱን ወደ ኋላ እያሳለፈው ነው። ማስተር ይቀየር የሚያሰኘው ይህ ነው። ይህን ሳይሞክር «ማስተር» ያለዎት ሰው ገምቶ ነው።

ሦስተኛው፣ አንዴ ይርገጡ፣ ይልቀቁ፣ ወዲያው ደግመው ይርገጡ። በሁለተኛው ላይ ፔዳሉ ከፍ ብሎ ጥንክር ካለ አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት) ርቋል ማለት ነው፤ አልቋል ወይም ርቀቱን የሚጠብቀው ማስተካከያ ተቆልፏል። ከፍ ብሎም ለስለስ፣ ስፖንጅ ስፖንጅ ካለ ግን መስመሩ ውስጥ አየር አለ። እነዚህ ሁለቱ ለአሽከርካሪ ይመሳሰላሉ፤ ጥገናቸው ግን የተለያየ ነው። የቪትዝ የኋላ ታምቡር ማስተካከያ አቧራና ዝገት ስለሚይዘው ሥራውን ያቆማል። ብዙ ጊዜ መፍታት፣ ማጽዳት፣ ትንሽ ግሪስ መቀባትና ማስተካከል ብቻ ይበቃዋል። ስንት ደህና ማስተር በዚህ ምክንያት ተወልቆ እንደተጣለ ሳስብ ያናድደኛል።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። መሪው ላይ የሚሰማዎት የፊት ዲስክ ነው። ያለ ፍሬንም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን መጀመሪያ የጎማ ባላንስ ይታይ። ፍሬን ሲይዙ ብቻ ከሆነ ጋራዥ ሁሉ «ዲስኩ ተጣሟል» ይላል። ዲስክ በሙቀት የሚጣመምበት ጊዜ አለ። በብዛት የሚያጋጥመው ግን ዲስኩ አንዱ ጎኑ ከሌላው ጎኑ በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር መሳሳቱ ነው። የሚሳሳውም በመጀመሪያ ቀጥ ብሎ ስላልተቀመጠ ነው። ሲዞር ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ በእያንዳንዱ ዙር ሸራውን አንድ ቦታ ላይ ይነካካዋል፤ ያ ቦታ ቀስ በቀስ ይበላል። ለብዙ ትንንሽ መኪናዎች የሚፈቀደው ውዝወዛ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ይህ በዓይን አይታይም። በዳያል ጌጅ ነው የሚለካው።

ዲስክ ቀጥ ብሎ እንዳይቀመጥ የሚያደርገው ምንድን ነው? ባሕር ዳር ውስጥ ሁለት ነገር በጣም አያለሁ። አንዱ ዝገት ነው። ክረምቱ ከባድ ነው፣ የሐይቁ እርጥበት አለ። በዲስኩና በመቀመጫው መካከል ዝገት ይቋጥራል። መካኒኩ አሮጌውን ዲስክ ነቅሎ መቀመጫውን ሳይፍቅ አዲሱን ሲያስር አዲሱም ጠማማ ሆኖ ይቀመጣል። ለጥቂት ሳምንት ደህና ይሆናል፤ ከዚያ መንቀጥቀጡ ይመለሳል። ባለመኪናው «ዲስኩ ፎርጅድ ነው» ብሎ ሻጩን ይረግማል። ዲስኩ ግን ምንም አላጠፋም። መቀመጫው በሽቦ ብሩሽ ነጭ ብረት እስኪታይ ሲጸዳ ቆመው ይዩ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሌላው የጎማ ዳዶ አጠባበቅ ነው። ጎሚስታ ቤት ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክተው በእግራቸው ይቆሙበታል። አንዱ ዳዶ ከሌላው በጣም ይጠብቅና ዲስኩን ይጎትተዋል። ለብዙ ትንንሽ ቶዮታዎች ትክክለኛው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በኃይል መለኪያ ቁልፍ፣ ዳዶ እየዘለሉ በተቃራኒ፣ በሁለትና በሦስት ዙር ነው የሚጠብቀው። ኃይል መለኪያ ቁልፍ የሌለው ፍሬን ሠሪ ጋር እኔ መኪናዬን አልሰጥም። ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ጎሚስታውን «ቧንቧ አትጠቀም» ማለትንም ይልመዱ።

የተጣበቀ ካሊፐርም ዲስክ ያበላሻል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ። ላስቲካቸው ሲቀደድ ውኃና አቧራ ገብቶ ይደርቃሉ። ያኔ ፍሬኑን ቢለቁትም ሸራው ዲስኩን አይለቅም። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የውስጡ ሸራና የውጩ ሸራ እኩል አያልቁም። ስለዚህ የሚወጣው አሮጌ ሸራ አራቱም ፍሬ፣ ከየት እንደወጣ ምልክት ተደርጎበት፣ ፊትዎ ይቀመጥ። አዲስ ፓድ (ሸራው ከነብረት ጀርባው) ሲገዛ የሸራው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር ነው፣ በተለይ ረጅም መንገድ ካለ። አንዱ 6፣ ሌላው 2 ከሆነ ችግሩ ሸራው ሳይሆን ፒኑ ወይም ፒስተኑ ነው። ሸራ ብቻ ተቀይሮ ከወጣች አዲሱም እንዲሁ ይበላል።

ዲስኩ ራሱ ይቀየር ወይስ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይላግ? መልሱ ዲስኩ ላይ ተጽፏል። ጠርዙ ወይም መሐሉ ላይ የመጨረሻው የሚፈቀድ ውፍረት በሚሊ ሜትር ተቀርጿል። በዝገት ከተሸፈነ በብሩሽ ይጠረግ። መካኒኩ በማይክሮሜትር በተለያየ ቦታ ለክቶ ቁጥሩን ያሳይዎት። ከተጻፈው በታች ከሆነ ክርክር የለም፣ ሁለቱም ዲስክ ይቀየራል። በላይ ከሆነና ከተላገም በኋላ በላይ ሆኖ የሚቀር ከሆነ ቶርኖ ይቻላል። የቪትዝ ዲስክ ግን ቀጭን ነው። ብዙ ጊዜ ተልጎ የሚተርፈው ትንሽ ስለሆነ፣ በዓባይ በረሃ ለሚወርድ ሰው አዲስ እመርጣለሁ። ቀጭን ዲስክ ሙቀት የሚሸከምበት አካል የለውም። ታምቡር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የተጻፈው ሊደርስበት የሚችለው ትልቁ የውስጥ ስፋት ነው።

ኋላው ሲፈታ ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚገፉትን የጎማ ሲሊንደሮች ላስቲክ ገለጥ አድርጎ ያሳይዎት። ውስጡ ደረቅ መሆን አለበት። ዘይት ካረጠበው ሲሊንደሩ ያፈሳል፤ ዘይት የነካው ሸራም ታጥቦ አይድንም፣ ይጣላል። የአንድ ጎን ብቻ ሸራ አይቀየርም። የግራ ከተቀየረ የቀኙም ይቀየራል፤ አለበለዚያ ፍሬን ሲይዙ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትስባለች። ማስተሩ ሰርቮው ጋር የሚገናኝበት ቦታም ይታይ። እዚያ የሚፈስ ዘይት መሬት ላይ አይንጠባጠብም፤ ሰርቮው ውስጥ ይገባል። «ምንም የሚፈስ የለም» እየተባለ ዘይቱ የሚቀንሰው አንዳንዴ በዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መኪናዋ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ናት? እኛ ዘንድ ብዙ ቪትዝ እንዲህ ሆኖ የገባ ነው። ከሆነ የፔዳሉ ማያያዣ፣ ብየዳው፣ ፒኑና ወደ ሰርቮ የሚሄደው ዘንግ ከዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ መብራት ይታይ። የፋብሪካ ሥራ ስላልሆነ ከመኪና መኪና ይለያያል። ያልጠበቀ ማያያዣም ፔዳልን ያወርዳል፤ እሱን ሳያይ ማስተር የሚቀይር ሰው ገንዘብዎን ይጨርሳል።

የጽዳቱ ነገር ያሳስበኛል። ብዙ ጋራዥ ፍሬን የሚታጠበው በቤንዚን ወይም በናፍጣ ነው። ናፍጣ ሸራና ዲስክ ላይ ቅባት ይተዋል። ቤንዚን ጎሚኒ ያበላሻል፤ እሳትም ነው። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ከጠፋ ውኃና ሳሙና ይሻላል፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ። አቧራውን በኮምፕረሰር የሚያራግፍ ካለ ያስቁሙት፤ እርስዎም ራቅ ይበሉ። አንዳንድ ርካሽና አሮጌ ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ታምቡር ሥር የሚሠሩት ልጆች ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ነው የሚተነፍሱት። በውኃ አርጥቦ መጥረግ ምንም ወጪ የለውም። ካሊፐር ሲወልቅም በቱቦው አይንጠልጠል፤ በሽቦ ይታሰር። ቱቦውን በፒንሳ ቆንጥጦ ዘይት የሚያግድ መካኒክ ካዩ እሱንም ያስቁሙ። ቱቦው ከውስጥ ይቀደድና ዘይት ሄዶ የማይመለስበት መዝጊያ ይሆናል፤ ያ ጎማ ከዚያ በኋላ እንደተያዘ ይቀራል።

ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ለዓባይ በረሃ ከሁሉም በላይ የምለምንዎት ይህን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በቱቦዎቹም ሳይቀር ይገባበታል። አዲስ ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አይፈላም። እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ደግሞ አዲሱ 230፣ እርጥበት የጠጣው 155 ነው። ሲፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ ጎማው ጋ ኃይል አይደርስም። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባሉት አደጋዎች ሁሉም የተበጠሰ ነገር የለባቸውም። ዘይት በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። የእርስዎ መቼ እንደተቀየረ ካላወቁ አልተቀየረም ብለው ይቁጠሩት።

ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት ይግዙ። ዶት 3 ለሚል መኪና ዶት 4 ይሆናል። ዶት 5 ግን ሌላ ዘር ነው፤ ከሁለቱም ጋር አይደባለቅም። ትንሽ ዕቃ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ ይሁን። ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ እርጥበቱን ጠጥቶ ጨርሷል። አየር ሲወጣ ወደ ጠርሙስ የሚወርደውን አሮጌ ዘይት አጣርቶ መልሶ የሚጨምርም አለ፤ አይፍቀዱ። በየጎማው የሚወጣው ዘይት ጥቁር ሆኖ ይጀምራል። ንጹሕ ሆኖ፣ አረፋ ሳይኖረው እስኪወጣ ድረስ ይቀጥላል። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት በስህተት ከተቀላቀለበት ጎሚኒዎቹ ሁሉ ያብጣሉ፤ ያኔ ሁለተኛው መካኒክ ያለው «ሁሉም ይቀየር» እውነት ይሆናል።

ስለ ሸራ ግዢ ብዙ አልልም። «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ካርቶን ላይ ማንም ያትመዋል። ሸራው ጀርባ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ይፈልጉ። ብዙዎቹ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፤ እነሱ የመያዝ አቅሙን ይናገራሉ። ኢኢ ደካማ፣ ኤፍኤፍ መካከለኛ፣ ጂጂ ጠንካራ ነው። ለመኪናዎ ኤፍኤፍ ይበቃታል። ምንም ያልተቀረጸበትን ሸራ በነፃ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ የምርመራውን ዋጋ ከጥገናው ለይተው አስቀድመው ይነጋገሩ። ፈትቶ፣ ለክቶ፣ መልሶ የገጠመ ሰው ምንም ሳይቀይርም ደክሟል፤ ይከፈለው። ለምርመራ የማይከፈለው መካኒክ ዕቃ በመቀየር ነው የሚኖረው። «ሁሉም ይቀየር» የሚመጣው ከተንኮል ብቻ ሳይሆን ከዚህም ነው። ከተለካ በኋላ የሚቀየረው በወረቀት ይጻፍልዎት፣ ከጎኑ የተለካው ቁጥር። የወጡትን ዕቃዎች ይዘው ይመለሱ። ይህን ሲጠይቁት ፊቱን የሚያጨልም ካለ አመስግነው ይውጡ። ደስ ብሎት የሚያሳይ ካገኙ ደግሞ እሱን አይልቀቁት። ቦሎ ስትታደስ አልፋለች የሚለው ማስረጃ አይሆንም፤ ያ የዚያን ዕለት ፍሬን ነው።

ተሠርታ ስትወጣ ወዲያው ረጅም መንገድ አይውጡ። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። በማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ በመሸንቲ አቅጣጫ ይውጡ። ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይተው ከ50 ወደ 20 ያህል በመጠኑ እየያዙ ዝቅ ያድርጉ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ። መልሰው ያንሱ፣ ትንሽ ነድተው ያቀዝቅዙት፣ ይድገሙት። ሃያ ጊዜ ያህል ይበቃል። እስከ መራዊ ደርሰው ሲመለሱ ያቁሙና እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ፤ አይንኩት። ከሁለቱ የፊት ጎማዎች አንዱ ከሌላው በግልጽ ከጋለ ያ ጎን አልለቀቀም፤ ለጋራዡ ይመልሷት። የዘይቱን ልክም ምልክት አድርገውበት ከሳምንት በኋላ ይዩት። ከወረደ ይፈሳል፤ ሸራው አዲስ ስለሆነ ሌላ ምክንያት የለውም። ጠዋት ከዝናብ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፍሬኖች ላይ የሚሰማው ኮርኮር የሚል ድምፅ ግን አያስደንግጥዎት። ዲስኩ ላይ ያደረ ስስ ዝገት ነው፤ ወዲያው ይጠረጋል።

አሁን በረሃው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ከቤዛዊት ኮረብታ በቀር ፍሬን የሚያግል ቁልቁለት የላትም። ከባጃጁና ከሳይክሉ ጋር ቶሎ ቶሎ ይይዛሉ እንጂ ለረጅም ጊዜ አይይዙም። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ደህና የሆነ ፍሬን በሙቀት ተፈትኗል ማለት አይደለም። ከደጀን እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ሰውና ሻንጣ የጫነች ቪትዝ 1,200 ኪሎ ናት እንበል። ከዚያ ከፍታ ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 15 ሜጋጁል ይሆናል። ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ማቆም 0.3 ሜጋጁል ብቻ ነው። ቁልቁለቱ እንግዲህ ከ80 ላይ ሃምሳ ጊዜ ጥርቅም አድርጎ ማቆም ማለት ነው። የተወሰነውን አየሩና ጎማው ይቀበላሉ። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይሸከማል፣ ወይ ፍሬኑ።

ሞተሩ ይሸከም። ማኑዋል ከሆነች ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ አውቶማቲክ ከሆነች ወደ ኤል ወይም ቢ ያውርዱት። ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ ለስለስ አድርገው አይያዙ። ፍጥነቱ ሲጨምር ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ዝቅ ሲል ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፤ በመካከሉ ይቀዘቅዛል። ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ አድርገው፣ ማለትም ማርሽ አውጥተው፣ የሚለቁ አሉ፤ ሞተር የሚያጠፉም አሉ። ሞተር ሲጠፋ ሰርቮው ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቅበታል፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። በባሕር ዳር ከፍታ፣ 1,800 ሜትር ላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ግፊት ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ብቻ ነው፤ ደጀን ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከወዲሁ የቀነሰውን እገዛ ሞተር አጥፍቶ ጨርሶ ማሳጣት ከእናት ጋር የሚሞከር አይደለም።

ፔዳሉ መለስለስ ከጀመረ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ አይጠብቁ። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ይርገጡ፣ ማርሽ ያውርዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭነው ቀስ በቀስ ይሳቡ፣ ዳር ይዘው ይቁሙ። ከቆሙ በኋላ በማርሽና ጎማ ሥር ባስገቡት ድንጋይ ያስይዟት፤ የጋለ ፍሬን ላይ እግርዎን ጭነው አይቆዩ። ውኃም አይድፉበት፣ ዲስኩ ይሰነጠቃል። ግማሽ ሰዓት ያሳርፏት። ስትመለሱ ደግሞ ቁልቁለቱ ከጎሃ ጽዮን ነው የሚጀምረው፤ ያው ሥርዓት ነው።

የእጅ ፍሬኑንም ጋራዥ ሳሉ ያሳዩት። የኋላው ሸራ ሳይስተካከል ገመዱን ብቻ መወጠር ትክክል አይደለም። መጀመሪያ ታምቡሩ፣ ከዚያ ገመዱ። ዳገት ላይ ብቻውን መያዝ አለበት።

የቀረዎት ሦስት ሳምንት ነው። ጋራዡን ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት፤ የቪትዝ ዲስክ እዚህ ቢጠፋ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ጊዜ ይፈልጋል። ዕቃው ካልደረሰ፣ ወይም ከመራዊ ሲመለሱ አንድ ነገር ካላማረዎት፣ እናትዎን በአውሮፕላን ይውሰዷቸው። ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መኪናዋ ጋራዥ ትቆይ።